የአማራቱ ገንዳ ውሃ የገባበት

ነይ ሜሪዬ፣ ጠጋ በይ። የጎረቤቱ ጄኔሬተር እየጮኸ ድምፄ አይደርስሽም። በእኛ ጊዜ ውሃ ጎደለ ከተባለ እንስራው ነቅቷል ማለት ነው፣ አለቀ። ሴራሚክ የለበሰ ገንዳ ውሃ ይጠፋበታል ቢሉኝ መች አምን ነበር። ያኔ ደረቁ በጋ ነበር፣ ቆርቆሮው ገና በጠዋቱ የሚንጣጣበት። አንቺ የስምንት ወር ልጅ ነሽ፣ ትኩሳት እየተመላለሰብሽ እናትሽ ካቶር ወዳለው ክሊኒክ ስትሮጥ ትውላለች፣ እኔም ከአዲስ አበባ እዚህ ሰው አገር የመጣሁት አንቺን ላዝል ነው።

ታዲያ አባትሽ አማራት በሚባለው ሰፈር የአንድ ሆቴል መዋኛ ገንዳ ሴራሚክ አንጥፎ ጨርሷል። በጉልበቱ እየዳኸ፣ አንዱን ሴራሚክ ሦስቴ እያነሳ፣ እንደገና እያስቀመጠ፣ እና በቦቴ ውሃ መጥቶ ተሞላ፣ በማግስቱ ግን ጎደለ። ይኸውልሽ፣ ይህን ያህል፣ አንድ ስንዝር። የሆቴሉን ባለቤት ሁሉም ሙዲር ነው የሚለው፣ አለቃ ማለት ነው። በስደት ጋምቤላ ያደገ ሰው ስለሆነ አማርኛው ጥርት ያለ ነው። መጣና፣ «ዳንኤል፣ ሞያ ወይን?» አለ በአገሩ ዓረብኛ፣ «ውሃው የት ሄደ?» አለው። አባትሽም፣ «ፀሐዩ ነው ሙዲር፣ ፀሐዩ ጠጥቶት ነው» አለ።

ከዚያ ምን ሲያደርግ እንደነበር ልንገርሽ፣ አትሳቂ። ገና ሳይነጋ ዘበኛውን በር አስከፍቶ ይገባና ከሮቶው ጎማ ስቦ ገንዳውን ይሞላዋል። ሙዲሩ ሲመጣ ጢም ብሎ ያገኘዋል። በየቀኑ፣ በየቀኑ። ይሉኝታ ነዋ። «የሠራሁት አፈሰሰ ከምል እየሞላሁ ልኑር» አለ እንጂ። ታዲያ አንድ ሐሙስ ቀን ሙዲሩ ጠራውና፣ «ሰኞ ሴራሚኩ በሙሉ ይነቀላል። ሌላ ባለሙያ ይዤ እመጣለሁ፣ አንተ ወደ አገርህ ትሄዳለህ» አለው። የአባትሽ የመኖሪያ ፈቃድ በእሱ ሆቴል ስም ነው፣ አንቺ ደግሞ መድኃኒትሽን አልጨረስሽም።

ይህን ሲነግረኝ መቀመጥ አቃተኝ። ብድግ እላለሁ፣ ቁጭ እላለሁ፣ በር ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። በመጨረሻ አንቺን አዝዬ ከሰፈራችን ከሎሎጎ በቦዳ ሞተር፣ አዎ በሞተር፣ ነጂውን በሁለት እጄ አንቄ፣ አማራት ደረስኩ።

«ፀሐዩ ነው ያልከው?» አልኩት።

«አዎ እማዬ።»

«ባልዲ አምጣ።»

ባልዲውን ውሃ ሞልቼ ገንዳው ደረጃ ላይ አስቀመጥኩት። ፀሐይ ከጠጣ ለባልዲው ምን ያዝንለታል፣ ከሁለቱም እኩል ይጠጣ። እና አርብ ሄጄ ሳይ ባልዲው የጥፍር ያህል ወርዷል፣ ገንዳው ስንዝር።

«ፀሐይን በከንቱ ስታማ ከርመሃል» አልኩት። «አሁን ጎማውን ተወው። ፓምፑንም አጥፋ።»

«እማዬ፣ ሙዲሩ ያያል!»

«ይይ! እኔ እንስራዬ ሲያፈስ እየሞላሁ አልጠብቀውም። እተወዋለሁ፣ ይወርዳል ይወርዳል፣ ከቀዳዳው ሲደርስ ይቆማል። አንተ መች ለመቆም ጊዜ ሰጠኸው?»

ቅዳሜ ወረደ። አባትሽ በእርሳስ ሴራሚኩ ላይ ያሰምራል፣ አሁንም ይወርዳል። እሁድ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፣ እኔ እዚያው ከባልዲዬ ጋር። መዝሙር መሀል እየወጣ ይደውላል መሰለኝ፣ «እማዬ፣ ቆመ?» «አልቆመም።» ደግሞ ይደውላል፣ «ቆመ?» «ቆይ እንጂ፣ ልጅቷን ላስተኛበት!» ከሰዓት በኋላ ቆመልሽ። ግድግዳው ላይ ያለው የውሃ ውስጥ መብራት ጫፍ ላይ፣ ልክ እዚያ።

ሲመጣ ከመብራቱ ትንሽ ከፍ እስኪል ብቻ አስሞላሁት። ከዚያ ከርከዴ አፈላሁ፣ ወፍራም፣ ደም የመሰለ። አባትሽ ባንቺ የሽሮፕ መስጫ ስሪንጅ ሳበውና ገንዳው ውስጥ ገብቶ መብራቱ አጠገብ ቀስ አድርጎ ለቀቀው። ውሃው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ግን ቀዩ ክር መስሎ ሾልኮ ከመብራቱ ኋላ ገባ። መብራቱን ፈታው። ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ ዙሪያው አልተደፈነም፣ አፉን ከፍቷል።

«ማነው ይህን ሳይደፍን የተወው?» አልኩ።

ኋላ ነገረኝ። አንቺን መጀመሪያ ትኩሳት ያንቀጠቀጠሽ ቀን ስልክ ተደውሎለት ሥራውን ጥሎ ሮጧል። በማግስቱ መጥቶ ኋላውን ሳያይ መብራቱን ገጥሞበታል።

እዚህ ላይ እኔ ምን እንዳልኩት ያሳፍረኛል፣ ግን ልንገርሽ። «ዛሬውኑ ድፈነውና ሙላው፣ መብራቱ ብልሽት ነበረበት በል» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «እማዬ፣ እስካሁን የሞላሁት አይበቃም?» አለኝ።

ሰኞ ሙዲሩ ሌላውን ባለሙያ አስከትሎ መጣ። ገንዳው ግማሽ ነው፣ መብራቱ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። አባትሽ፣ «ሴራሚኩ ደህና ነው፣ ይህን ያልደፈንኩት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋትም እየሞላሁ ሳታልልዎት ነበር» አለው። እኔ አንቺን አዝዬ ከኋላው ቆሜያለሁ።

«ስንት ቀን ሞላህ?» አለ ሙዲሩ።

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አምስት ነው። ዘበኛው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነግሮኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«መቼ ትነግረኛለህ እያልኩ። ውሃ መጉደሉ አልነበረም የከበደኝ። በድብቅ የሚሞላ ሰው ሥራው ከሥር ተበላሽቷል ብዬ ነው ይነቀል ያልኩት። ለቱቦ ብሎ ይህን ያህል የሚደበቅ ሰው አለ ብዬ መች ላስብ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረና፣ «እማማ፣ ከዚያ ከርከዴ ተርፏል?» አለኝ።

«ተርፏል፣ ስኳር ግን የለውም» አልኩት።

ኮምጣጣውን ቆሞ ጠጣው።

በዚያው ቀን ቱቦው ተደፈነ፣ አንድ ሴራሚክ አልተነሳም። አባትሽ ፈቃዱ ታደሰለት፣ አሁንም ለሙዲሩ ይሠራል። መብራት ከመግጠሙ በፊት ኋላውን ሁለቴ ያያል ይላሉ። ዘበኛው ወደ ቦር ወደ ዘመዶቹ ሄደ። አንቺ መድኃኒትሽን ጨርሰሽ ዳንሽ፣ ይኸው እዚያው ገንዳ ውስጥ ዋና ተማርሽ። እኔ እግሬን እንኳ አልነከርኩበትም። ባልዲው እዚህ ነው፣ ልብስሽን የማጥብበት እሱ ነው።