ሀገረ ሕይወት የሚባል ቦታ

የወንድሜ ልጅ ሌንሳ ለመዝገብ ቤቶች የሚሆን የኮድ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገለገሉበት የኮድ ስብስብ፣ ትጽፋለች። ከስንት ዘመን በኋላ ከሰው አገር አምቦ ተመልሼ እሷ ቤት ባረፍኩ በማግስቱ፣ የትውልድ ቦታ ሲሰጡት ዞኑን የሚመልስ ሜተድ የሚባል የኮድ ቁራጭ ስትፈትሽ ደረስኩ።

«አዳዳ፣ የልደት ወረቀትዎ የት ተወለዱ ይላል?» አለችኝ፤ አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው።

«ሀገረ ሕይወት።»

ጻፈችው። ኮምፒውተሩ «እንዲህ የሚባል ቦታ የለም» ብሎ በቀይ መለሰ።

«ይህንንማ በሰው አገርም ሲሉኝ ኖረዋል» አልኳት።

ሌንሳ አልሳቀችም። ሜተዱን አረመችና ከበላዩ ማብራሪያ ጻፈች፦ «ሀገረ ሕይወት የአምቦ የቀድሞ ስም ነው። በዚህ ስም የተመዘገበ ሰው የአምቦ ሰው ነው።» ዕድሜዬን ሙሉ ሳነብ ኖሬ ስለ እኔ የተጻፈ ነገር ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ እንደገና ፈተሸችው። በአረንጓዴ «አምቦ፣ ምዕራብ ሸዋ» አለ።

«እስቲ ድገሚው» አልኳት።

«ፍተሻውን አለፈ እኮ፣ አዳዳ።»

«ይለፍ። አንዴ ድገሚው።»