የቆርቆሮው ዕዳ

በጃንሆይ ጊዜ ከሮቤ ወደ ጎባ ስሄድ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ አጠገባቸው ላለው ወጣት ሲያወጉት ሰማሁ።

«የቤቴን ቆርቆሮ ከአንድ የጎባ ነጋዴ በዱቤ ወስጄ፣ ገብሱ ሲበላሽብኝ መክፈል አቃተኝ።»

«ታዲያ እንዴት ሆኑ፣ አዴ?»

«አንድ ቀን ራሱ ሮቤ ድረስ መጣ።»

«ቆርቆሮውን ሊነቅል?»

«እኔም መስሎኝ ደንግጬ ነበር! ለካስ ሱቅ የሚከፍትበት ቤት እየፈለገ ኖሯል። የፊቱን ክፍል አከራየሁትና ዕዳዬን በኪራዩ አቻቻልን።»

«አልሐምዱሊላህ! አለቀልዎታ?»

«ካለቀ ቆየ። አሁን እሱ ነው ኪራይ ያሳደረብኝ፤ ሱቁን ለሠራተኛ ትቶ ራሱ ጎባ ስለሚውል ቤቱ ድረስ ልጠይቀው እየሄድኩ ነው።»

«ቢቆጣስ?»

«ያኔ ታግሦኛል፣ እኔም እታገሠዋለሁ። ግን ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ነው።»

እኔ ሳቄ እንዳይሰማ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩት።