የፍልሰታው ወርች

ሞያሌ፣ ከድንበሩ ማዶ በኬንያ በኩል፤ ፍርድ ቤቱ ለምሳ ተበትኖ፣ ባሏ የሞተባት ትርንጎና ታላቅ ወንድሟ ቀለመወርቅ በግቢው ግራር ሥር ይከራከራሉ።

ትርንጎ፦ አንድ ቃል ነው የምለምንህ ጋሼ። «በላሁ» በል። ሦስት ፊደል ናት።

ቀለመወርቅ፦ ሦስት ፊደል ናት ብለሽ አታቅልያት። መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው ነው የሚያስምሉኝ።

ትርንጎ፦ እኔንስ ከቤቴ ሲያስወጡኝ ምን ሊያስይዙኝ ነው? ድስቴን?

ቀለመወርቅ፦ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።

ትርንጎ፦ ይስማ! የጆሴፍ ወንድም ፒተር ጠዋት ሲለፈልፍ ሰው ሁሉ ሰምቶት የለም? «ይቺ ሴት የሟች ወንድሜ ሠራተኛ እንጂ ሚስቱ አልነበረችም፤ ቤቱን ትልቀቅ» አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ! ያውም ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ።

ቀለመወርቅ፦ ጆሴፍ ከሞተ ገና አራት ወሩ ነው። ሰውዬው ትንሽ እንኳ አያፍርም?

ትርንጎ፦ ቤቱን ከወሰደ በኋላ ያፍራል። ለምን አትቀመጥም? ያ ጉልበትህ ያምሃል።

ቀለመወርቅ፦ ከተቀመጥኩ መነሳት ያቅተኛል። ተይው።

ትርንጎ፦ ለእማዬ ጤና ብለህ በስግደት የጨረስከው ጉልበት! ለእሷ እንደዚያ የሆንክ ሰው ለእኔ ሦስት ፊደል አቃተህ?

ቀለመወርቅ፦ ጉልበቴን ተይው አልኩሽ። ይልቅ ሌላ መንገድ ይጠፋል? ጠበቃሽ ምን ትላለች? በዚህ አገር እንደሆነ ሕግ ሞልቷል ሲባል ነው የምሰማው።

ትርንጎ፦ ሞልቷል፤ የቸገረኝም እሱ ነው። አንደኛው በር ሲዘጋ ወደ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ሲዘጋ ወደ ሦስተኛው። በር ብቻ ሆኖብኛል፤ ቤት የለውም።

ቀለመወርቅ፦ እስቲ በተራ ንገሪኝ።

ትርንጎ፦ አንዱ እንግሊዝ ትቶት የሄደው ሕግ ነው። እሱ የጋብቻ ወረቀት አምጪ ይላል። ያኔ ወረቀቱን ልናወጣ ብንሄድ «ያላገባሽ መሆንሽን የሚገልጽ ማስረጃ ከአገርሽ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ቀበሌ ብሄድ ደግሞ «አንቺ የምትኖሪው ማዶ ነው፤ አናውቅሽም» አሉኝ።

ቀለመወርቅ፦ አስታውሳለሁ፤ አብሬሽ ተሰልፌ የለም? ሊቀ መንበሩ እኮ ጎረቤታችን ነበር። ቁርሱን እኛ ቤት በልቶ ሄዶ «አላውቅሽም» አለሽ።

ትርንጎ፦ ሙስሊሞቹ ቃዲያቸው ጋ ይሄዳሉ፤ የጋብቻና የውርስ ጉዳያቸውን እሱ ይጨርስላቸዋል። እኔና ጆሴፍ ክርስቲያኖች ነን፣ ግን የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አይደለንም። በእኛ ሥርዓት እንዳንጋባ አንተ ራስህ «ካልተጠመቀ አይሆንም» አልክ።

ቀለመወርቅ፦ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ሥርዓቱ ነው።

ትርንጎ፦ ሥርዓቱ አፍ የለውም። በአንተ አፍ ነው የተናገረው።

ቀለመወርቅ፦ እሺ፣ አብሮ መኖሩስ? አሥራ አራት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር መኖር ምንም አይደለም?

ትርንጎ፦ ነው እንጂ። እሱም ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ሰው ሁሉ ባልና ሚስት ናቸው ብሎ ካወቀን ዳኛው ባልና ሚስት ነበሩ ሊል ይችላል። ጠበቃዬም በእሱ ነበር የጀመረችው። ከዚያ ፒተር ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የመኖሪያ ፈቃዴን!

ቀለመወርቅ፦ ፈቃድሽ ምን አለበት?

ትርንጎ፦ «የቤት ሠራተኛ» ይላል። ማኅተም አለው። ጆሴፍ ራሱ አሠሪ ሆኖ ፈርሞበታል።

ቀለመወርቅ፦ በስመ አብ! ለምን?

ትርንጎ፦ ሚስት ለመባል የጋብቻ ወረቀት ይጠየቃላ! ሠራተኛ ለመባል ምንም አይጠየቅም። ከቢሮው ስንወጣ በሳቅ ልንሞት ነበር። «ሠራተኛዬ፣ ምሳ ደርሷል?» እያለ ራሱ ሽንኩርት ይከትፋል። ያ ቀልዳችን ዛሬ በፋይል ታስሮ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ፣ ሳየው አንጀቴ ነው የተቆረጠው። የእሱ ፊርማ ነው እኮ።

ቀለመወርቅ፦ አታልቅሺ። አታልቅሺ በቃ። ... እኛ አገር ቢሆን እንዲህ አንጠላለፍም ነበር። እኛ ማንም አልገዛንም፤ ሕጋችን የራሳችን ነው።

ትርንጎ፦ የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊ ነው ብለህ የነገርከኝ አንተ አይደለህም?

ቀለመወርቅ፦ እሱ ተጋብዞ ነው የመጣው።

ትርንጎ፦ እነዚህ ጋ ደግሞ እንግሊዙ ሳይጋበዝ ነው የመጣው። ሲሄድ ሻንጣውን ያዘ፣ ሕጉን ረሳው።

ቀለመወርቅ፦ አሁን የቀረሽ የጎሳቸው ልማድ ብቻ ነው ማለት ነው።

ትርንጎ፦ የቀረኝ እሱ ነው። የሴቲቱ አባት፣ እሱ ከሌለ ታላቅ ወንድሟ፣ ከባልየው ወገን ሽማግሌ ጋር ከአንድ ሳህን የፍየሉን ወርች ከበላና ባዶ አጥንቱ ወጥቶ ለሰው ከታየ ጋብቻው ጸና። ወረቀት የለ፣ ማኅተም የለ።

ቀለመወርቅ፦ ያ ከረባት ያሰረ ዳኛ በፍየል ወርች ሊፈርድ?

ትርንጎ፦ አዎ! የአገሩ ልማድ ሕሊናን የሚጎረብጥ ካልሆነ ፍርድ ቤቱ ይቀበለዋል። የሚጎረብጠውን ይጥላል።

ቀለመወርቅ፦ ቆይ እንጂ። ባሏ የሞተባት ሴት ለባሏ ወንድም ትተላለፋለች የሚል ልማድም አላቸው። በልማዳቸው ሚስት ነኝ ካልሽ ፒተር «እንግዲያው የእኔ ናት» ቢልሽስ?

ትርንጎ፦ ብሎኝ የለ! መጀመሪያ የመጣው እኮ ሊያገባኝ ነው። ያኔ የወንድሙ ሚስት ነበርኩ። እምቢ ባልኩት በሳምንቱ ነው ሠራተኛ የሆንኩት።

ቀለመወርቅ፦ ወይ ጉድ! ይህን ለዳኛው ተናገሪዋ!

ትርንጎ፦ ተናገርኩ። ካደ። ለማንኛውም ዳኛው ያንን ልማድ አይሰማውም። እንደ ምስር ነው የሚለቅመው፤ ጠጠሩን ጥሎ ምስሩን ያስቀራል። ወርቹ ምስር ነው።

ቀለመወርቅ፦ ጠጠሩን ከምስሩ የሚለየው ማነው?

ትርንጎ፦ ድሮ እንግሊዙ ነበር፤ ዛሬ ከረባቱ ነው። አሁን የሕግ ትምህርቱን ተወውና ለእኔ ጉዳይ ምን ትላለህ?

ቀለመወርቅ፦ በጋብቻችሁ ጊዜ ፍየሉ የታረደው ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ነው።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ።

ቀለመወርቅ፦ ፍልሰታ ነበር።

ትርንጎ፦ አውቃለሁ አልኩህ እኮ! የጆሴፍ አጎት፣ ሽማግሌው፣ በጠና ታመው ስለነበር ነው ቀኑ ያልተገፋው። ለእነሱ ነሐሴ ዘጠኝ እንደ ማንኛውም ቀን ነው።

ቀለመወርቅ፦ እኔ ደግሞ ቆሎዬን በፌስታል ይዤ ነው የመጣሁት። አገር ያየው ነገር ነው።

ትርንጎ፦ ፒተርም ያንኑ መሰከረ። «ወንድሟ እህሉን ይዞ መጣ፤ ሥጋችንን ተጸየፈ። ሽማግሌው ወርቹን ብቻቸውን በልተው፣ ሰው ፊት እንዳናፍር አጥንቱን ይዘው ወጡ» አለ።

ቀለመወርቅ፦ አጥንቱን ይዘው መውጣታቸውን አመነ?

ትርንጎ፦ እልል ተብሎ የለም እንዴ? እንዴት ይክዳል? የቀረው ክርክር ወርቹን ማን በላው የሚለው ነው። ጓዳ ውስጥ የነበራችሁት አንተና ሽማግሌው ናችሁ። እሳቸው በወሩ ሞቱ። የቀረኸው አንተ ነህ።

ቀለመወርቅ፦ አዎ፣ ሌላ ሰው አልነበረም።

ትርንጎ፦ ስትወጣ በጆሮዬ ምን እንዳልከኝ አልረሳሁም። «አይዞሽ፣ ጾሜን አልፈታሁም» አልከኝ። ኮራሁብህ፤ በእውነት ኮራሁብህ። አንተን ልሸኝህ ድንበሩ ድረስ ስንሄድ አንድ ፍሬ እህል አልቀመስክም፤ ቆሎህን የጨረስኩልህ እኔ ነኝ። እህቱን ለባዕድ ሰጥቶ ሆዱ ባባ ብዬ ዝም አልኩ። ጾመኛ መሆንህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ዛሬ ዋሽልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ።

ቀለመወርቅ፦ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ እነማን ይኖራሉ?

ትርንጎ፦ አባ ሀብተ ወልድ መጥተዋል። ሰበካ ጉባኤውም በሙሉ።

ቀለመወርቅ፦ ማን ጠራቸው?

ትርንጎ፦ እኔ ነኛ። ሊቀ መንበራቸው አንተ ስትመሰክርልኝ አጠገቤ ቢቀመጡ ልቤ ይጠናል ብዬ ነው።

ቀለመወርቅ፦ አንቺ ሴትዮ ገደልሽኝ!

ትርንጎ፦ ምን አጠፋሁ?

ቀለመወርቅ፦ አምና ገዛኸኝን ከሰበካ ጉባኤው ያስወጣሁት እኔ ነኝ። በፍልሰታ ሥጋ ሲበላ ታየ ብዬ፣ ዓውደ ምሕረት ላይ ቆሜ። «ሐኪም አዞኝ ነው» እያለ ሲለምነኝ እንኳ አልሰማሁትም። ዛሬ በእነዚያው ሰዎች ፊት «በላሁ» ልበል?

ትርንጎ፦ ለእህቱ ብሎ ዋሸ ይላሉ። ማንም አያምንህም።

ቀለመወርቅ፦ ዳኛው ሊያምነኝ ነው፣ ሰበካው ላያምነኝ ነው?

ትርንጎ፦ እንደዚያ ቢሆንልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀለመወርቅ፦ እኔንም ደስ ይለኝ ነበር።

ትርንጎ፦ ... እሺ። ተወው ጋሼ። በቃ።

ቀለመወርቅ፦ ምኑን?

ትርንጎ፦ ሁሉንም። ልጄ ጠዋት ምን ብላ ጠየቀችኝ መሰለህ? «አጎቴ ዛሬ ከዋሸ እሑድ ይቆርባል?» አለችኝ። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ! ፊደል ያስቆጠርካት አንተ ነህ። የምመልስላት አጣሁ፤ አፈርኩ። ግባና እውነቱን ተናገር። «አልበላሁም፣ ጾመኛ ነበርኩ» በል። ቤቱን ይውሰዱት። ልጄን ይዤ ወዲያ እሻገራለሁ።

ቀለመወርቅ፦ እንደዚያ ማለት አልችልም።

ትርንጎ፦ ምን?

ቀለመወርቅ፦ መጽሐፉን ይዤ «አልበላሁም» ማለት አልችልም።

ትርንጎ፦ በላሁ በል ስልህ አልችልም፤ አልበላሁም በል ስልህ አልችልም! ታዲያ ምንድን ነው የምትችለው? ይኸው ሰው እየገባ ነው። ስማችንን ሊጠሩ ነው!

ቀለመወርቅ፦ ጨው አንሶት ነበር።

ትርንጎ፦ ምኑ?

ቀለመወርቅ፦ ወርቹ።

ትርንጎ፦ ... ምን አልክ?

ቀለመወርቅ፦ ሽማግሌው ጓዳ አስገብተውኝ በሩን ዘጉ። ቆሎዬን አወጣሁ፤ ሳቁብኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። «ይህን ካልበላህ ልጃችን ሚስት የለውም፤ እኔም ሌላ ቀን የለኝም» አሉኝ። በእጃቸው አጎረሱኝ። አንድ ጉርሻ ብቻ ብዬ ነበር። አጥንቱ ብቻ ቀረ። እውነቱን ልንገርሽ? ጨው ቢያንሰውም ጣፍጦኝ ነበር።

ትርንጎ፦ ቆሎው! አልራበህም ነበራ! ጠግበህ ነበር!

ቀለመወርቅ፦ ጠግቤ ነበር። ውሸቱ ያን ቀን በጆሮሽ የነገርኩሽ ነው።

ትርንጎ፦ ስግደቱስ? ለእማዬ አልነበረም?

ቀለመወርቅ፦ የንስሐ አባቴ የሰጡኝ ቀኖና ነው። አርባ ቀን፣ በቀን መቶ ስግደት። እሳቸውም አርፈዋል። ከእግዚአብሔርና ከጉልበቴ በቀር የሚያውቅ የለም።

ትርንጎ፦ ይህን ሁሉ ሰዓት ዋሽልኝ እያልኩ ስለምንህ እውነቱን ታቅፈህ ቆመሃል? ወንድሜ አይደለህም እንዴ?

ቀለመወርቅ፦ ፈርቼ ነው ትርንጎዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈርቼ ነው።

ትርንጎ፦ ... ስማኝ። አንድ መላ አለ። ስዋሂሊ አቀላጥፈህ ትናገር የለ? በስዋሂሊ መስክር። ዳኛው ይጽፈዋል፣ ለእኔ ይበቃኛል። አባም ሰበካውም አንድ ቃል አይገባቸውም።

ቀለመወርቅ፦ ገዛኸኝም መጥቷል?

ትርንጎ፦ መጥቷል። ሳልጠራው የመጣ እሱ ብቻ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ ነው።

ቀለመወርቅ፦ ስዋሂሊ ይሰማል?

ትርንጎ፦ ኧረ እሱም አይሰማም፤ አትስጋ።

ቀለመወርቅ፦ እንግዲያው አስተርጓሚውን ጥሪልኝ። በአማርኛ ነው የምመሰክረው።