በገዛ ኮምፒውተር የተሠራ ምርምር

እኔ በትምህርት ሳልዘልቅ፣ የተበላሸ እየፈታሁ፣ የፈታሁትን እየገጠምኩ ኮምፒውተር መጠገን የተማርኩ ሰው ነኝ። ሱቄ ከዩኒቨርሲቲው የጀርባ በር ፊት ለፊት ናት። ጆሮዬ ብዙ ይሰማል፤ አፌ ግን ሰነፍ ነው። የዚያን ቀን ብቻ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ዝናብ ይጥላል። አንዲት ወጣት ተመራማሪ ላፕቶፕዋን በሹራቧ ጠቅልላ ገባች።

“እባክዎ፣ ጥቁር ሆኖ ቀረብኝ። የሦስት ዓመት ሥራዬ እዚህ ውስጥ ነው።”

ብሎኑን ገና ሳልፈታ አንድ ሽማግሌ ዝናቡን ሸሽተው ገቡ። ቀድሞ ያስተማሯት ፕሮፌሰር ናቸው። ጡረታ ቢወጡም የምርምር ኮሚቴውን ዛሬም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። እኔን “ጠጋኙ” ይሉኛል።

“አንቺ ነሽ እንዴ! ምን ሆነብሽ?”

“ሞተብኝ፣ ጋሼ።”

“ነፍስ ይማር!” ብለው ሳቁ።

እሷ አልሳቀችም። “ጋሼ፣ የሥራ ኮምፒውተር ዩኒቨርሲቲው ይስጠን ያልነው ማመልከቻ ነገ ይታያል አይደል?”

“ይታያል። ከምደብቅሽ ልንገርሽ፤ እቃወማለሁ።”

“ለምን?”

ፕሮፌሰሩ በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ። ድምፃቸው ለሰለሰ።

“የመጀመሪያዋን የጽሕፈት መኪናዬን የገዛኋት ራሴ ነኝ፣ ልጄ። አንዷ ቁልፍ እየተጣበቀች ታስቸግረኝ ነበር፤ በጣቴ እየመለስኩ እጽፋለሁ። የቀለም ሪባኗ ሲደርቅ ዘይት ጠብ አደርግባታለሁ። ማለዳ ቀጭ ቀጭ ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ‘መምህሩ ተነሡ’ ይላል። የኔ ስለሆነች ሕመሟን አውቀዋለሁ። ለጋራ ዕቃ ማን ያዝናል? አናጢስ መጋዙን ለምኖ ነው እንዴ የሚሠራው?”

እውነቱን ልናገርና ልቤ ከእሳቸው ጋር ሄደ። ያን ድምፅ እኔም አውቀዋለሁ። የካርቦን ወረቀት ሽታ፣ በሐምራዊ ቀለም የተበከለ ጣት፣ አንድ ገጽ ሲያልቅ የሚመጣው ደስታ! ዛሬ ሱቄ የሚገቡት ዕቃዎች የባለቤታቸው ሽታ እንኳ የላቸውም።

ልጅቱ ግን በትሕትና ቀጠለች።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወረቀቱን ከውስጧ ካወጡ በኋላ የጽሕፈት መኪናዎ የምታስታውሰው ነገር ነበር? ይሄኛው ሁሉን ያስታውሳል። የማጠናው የሳንባ ሕሙማንን ነው። ለቤተሰባቸው ያልነገሩትን ለኔ የነገሩኝ ሁለት መቶ ሰዎች አሉ። ሁሉም ያሉት የእህቴ ልጆች በሚጫወቱበት ላፕቶፕ ላይ ነው። የይለፍ ቃሉንም በቃላቸው ይዘውታል።”

“ልጆቹን መከልከል ነዋ!”

“ቤት ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ነው። ትምህርታቸውንም የሚሠሩት በሱ ነው።”

“ሰበብ ነው! ምስጢር የሚጠበቀው በሰው ነው እንጂ በዕቃ አይደለም። ይኸው እኔ ሠላሳ ዓመት ስመራመር አንዲት ቃል ከእጄ አልወጣችም።”

መፍቻውን አስቀመጥኩ። ሰው ማሳፈር እንደማልወድ ፈጣሪ ያውቃል። ነገ ግን ውሳኔ አለ።

“ጋሼ፣ አይቆጡኝ። ጡረታ ሲወጡ አሮጌ ኮምፒውተርዎን ለኔ ሸጡልኝ አይደል?”

“አዎ። ሁሉን ሰርዤ ነው የሰጠሁህ።”

“የኮምፒውተሩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተቱት እንጂ ቅርጫቱን አልደፉትም። እኔ ስከፍተው እርስዎ ያጠኗቸው ሕሙማን ስም ከነበሽታቸው ተደርድሯል። ወዲያው አጠፋሁት፤ ግን አንድ ስም ዓይኔ ውስጥ ገባ። በየቀኑ የማገኛት ጎረቤቴ ናት። ከኮምፒውተሩ ላይ ጠፋ፤ ከኔ ግን አልጠፋም። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ‘ጤናሽ እንዴት ነው?’ ብዬ መጠየቅ አፍራለሁ።”

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ማን ናት?” አሉና ወዲያው እጃቸውን አነሡ። “ተው፣ አትንገረኝ።” ቆይተውም፣ “ኮምፒውተሩ የኔ ነው ብዬ ሸጥኩት፤ ውስጡ የነበሩት ሰዎች ግን የኔ አልነበሩም” አሉ።

“ሳያውቁ ነው፣ ጋሼ” አለች ልጅቱ።

“እሱ ነው የሚያስፈራው። እሺ ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲው ቢሰጣችሁስ ማን ይጠነቀቅለታል?”

“በየስማችን አስፈርሞ ይስጠን፤ እንደራሳችን እንይዘዋለን። የሥራው ቅጂ በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ስንለቅ እንመልሰው፤ ባለሙያ ሳያጸዳው ለማንም አይሰጥ። ደግሞ መግዛት ያልቻለ ጎበዝ ልጅ ከምርምር አይቀር። ከክፍሌ ሁለቱ ምርምሩን የተዉት አእምሮ አጥተው አይደለም።”

ይህን ስትል እኔ ዲስኩን አውጥቼ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አያይዤው ነበር። የመጨረሻው ወር ሥራ ጠፍቷል፤ የቀረው ተርፏል። ልጅቱ አፏን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። የመጀመሪያው ፋይል ሲከፈት ፕሮፌሰሩ ከበርጩማው ተነሡ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“ዝጊው” አሉ። “እኔ ማየት የለብኝም።”

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት የራሳቸውን ስሕተት ሳይሸፋፍኑ እንደተናገሩ ሰማሁ። ይህን ማድረግ ለሽማግሌ ቀላል አይደለም። ማመልከቻው ጸደቀ። አሁን ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ኮምፒውተር በፊርማ ይሰጣል፤ ከተዉት ሁለቱ አንዱ ተመልሷል። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮችም ቁጥራቸው ተለጥፎ፣ ውስጣቸው በባለሙያ ተጠርጎ ወደኔ ይመጣሉ። ዕቃ የራስ ሲሆን ደስ ይላል፤ የሰው አደራ ግን ከግል ኪስ ሰፋ ያለ ጠባቂ ይፈልጋል።

ፕሮፌሰሩ ዛሬም በደጄ ሲያልፉ ቆም ይላሉ።

“ጠጋኙ፣ የዛሬዎቹ ውስጥ ምን አገኘህ?”

“ባዶ ናቸው፣ ጋሼ።”

“ተመስገን” ብለው ይሄዳሉ።