ብርቱካናማው ግድግዳ

ልጄ ሲሬ ከተማ አስተማሪ ሆና ተመድባ ቤት የተከራየች ጊዜ ልጠይቃት ከአሰላ ሄድኩ። በሩን ስትከፍትልኝ ከአልጋዋ በላይ ያለው ግድግዳ እንደ ብርቱካን ቦግ ብሏል። ራሷ ናት የቀባችው፤ ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር ገና አልለቀቀም። እኔ ግን አከራይዋ ባሉበት፣ «ልጄ፣ ይሄ መኝታ ቤት ነው ወይስ ጠጅ ቤት?» አልኳት። አከራይዋ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። «እማዬ፣ ከትምህርት ቤት ስገባ የሚቀበለኝ ሰው የለም። እሱ ይቀበለኛል ብዬ ነው» አለችኝ።

አሰላ ተመልሼ እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ ዓይኔ የቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶዎች ላይ አረፈ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ከሥር እስከ ጣሪያ ደምቀዋል። ስንት ዓመት እዚያ ስቆም ጠጅ ቤት መስሎኝ አያውቅም። አፈርኩ። በማግስቱ ገበያ ወርጄ ከግድግዳዋ ጋር የሚሄድ ጨርቅ መረጥኩና ጠርዙን በእጄ ሰፍቼ መጋረጃ አደረግሁላት። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ስለሚከብደኝ መጋረጃው ይናገርልኝ ብዬ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳልነግራት ሄድኩ። ግድግዳው እንደ ጤና ጣቢያ ነጭ ሆኗል፤ ቀለሙ ገና ይሸታል። «አጠፋሁት እማዬ። አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ፣ ከልቧ ልታስደስተኝ ፈልጋ። «በጣም ያምራል» አልኳት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። የያዝኩላትን ዳቦ አውጥቼ ሰጠኋት፤ መጋረጃው ግን ዘንቢሉ ውስጥ እንደታጠፈ አሰላ ተመለሰ።