የማይለቅ እርሳስ

ዳገቱን በእግራችሁ ወጥታችሁ እዚህ የተገኛችሁ፣ የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የአሳታሚ ድርጅቱ ባልደረቦቼ፤ ከሁሉ በፊት አንቺ ባለቤቱ፣ እናንተም ልጆቹ፤ እግዜር ያጽናችሁ። እኔንም ያጽናኝ። ተናገር የተባልኩት ትናንት ነው። ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። ደግሞ ደክሞኛል። ጉልበቴ ደክሟል፣ ዓይኔ ደክሟል፣ ጓደኛ መቅበርም ደክሞኛል። ከተንተባተብኩ ታገሱኝ።

ሥራችንን ለማታውቁት ልንገራችሁ። እሱና እኔ ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል እንሠራ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ። እሱ በእርሳስ ይነድፋል። እኔ በጥቁር ቀለም መስመሩን አጠራለሁ፣ ከሥሩ ያለውን እርሳስ በላጲስ አጠፋለሁ። ከዚያ ወረቀቱ ወደ እሱ ይመለስና የውሃ ቀለም ይቀባዋል። እሱ ይሞነጭራል፣ እኔ አጸዳለሁ። ዕድሜያችን በዚህ አለቀ። ብሩሹን ሲያራግፍ ጠረጴዛውንም ሸሚዜንም ምሳዬንም ስለሚያረጥብ ጋሽ ጠብታ አልኩት። እሱም ላጲስ አለኝ። ትክክለኛ ስማችንን የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ብቻ ነበር።

ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን? ማን ቆጥሮት። እኔ "ልጁ የቱ ጫማ፣ የቱ ድንጋይ እንደሆነ መለየት አለበት፤ መስመሩ ይጥራ" እላለሁ። እሱ "አንተ ሁሉን ጨርሰህ ከሰጠኸው ልጁ ምን ይሥራ?" ይላል። አንድ ጊዜ ለመታረቅ ተካፈልን። ቁጥር፣ የሰውነት ክፍል፣ የመንገድ ምልክት በእኔ ንጹህ መስመር፤ ዛፍ፣ ደመና፣ ሽማግሌ በእሱ ጭረት። ስምምነቱ ሁለት ሳምንት አልቆየም። አንቺ ራስሽ ባልሽን "ከእኔ ይልቅ ከእሱ ጋር ነው የምትጣላው፤ ለምን እሱን አላገባህም?" ያልሽው ያኔ ነው። ትስቂ ነበር። አሁንም ፈገግ ማለትሽን አየሁ፤ ደግ አደረግሽ።

እኔ ችኩል ነኝ። እሱ አይቸኩልም። ነጭ ቀለም አይቀባም ነበር፤ ነጭ እንዲሆን የፈለገውን ቦታ ወረቀቱን እንዳለ ይተወዋል። "ነጭ አይቀባም፣ ይተዋል" ይላል። ቀለም ሲቀባ ደግሞ አንድ ቃል ነበረችው፤ "ሳይደርቅ አትንካ።" እኔ እነካለሁ። እሱ "ሳይደርቅ አትንካ አላልኩህም?" ይላል። በቀን አሥር ጊዜ።

አንድ ቀን አዲስ ቀለም ገዛሁ። ውሃ ያስለቅቀው እንደሆነ በቁራጭ ወረቀት መሞከር ነበረብኝ። ጀማሪም ያውቀዋል። እኔ አልሞከርኩም። ሠላሳ ሁለት ተማሪ በትምህርት ቤት ግቢ፣ የጫማ ክራቸው ሳይቀር፣ ሦስት ቀን ሙሉ አጥርቼ ሠራሁና ሰጠሁት። ብሩሹን ነክሮ ሰማዩን ቀባ። ወደ ልጆቹ ሲወርድ መስመሬ ተነሥቶ መፍሰስ ጀመረ። ሠላሳ ሁለቱም ልጆች ዓይኔ እያየ ግራጫ ሆኑ። ቢወጉኝ ደም አይወጣኝም ነበር። ልጠርግ እጄን ስሰድ ያዘኝ። "ሳይደርቅ አትንካ።" ወረቀቱ የተለጠፈበትን ሰሌዳ አንሥቶ አዘነበለው። ቀለሙ በቀጭን በቀጭኑ ወደ ታች ወረደ። "ዝናብ ይዟቸው ነው" አለና ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ያ ሥዕል የመጽሐፉ ሽፋን ሆነ። የክፍላችን ኃላፊ እዚህ ቆመዋል። "ዝናቡ የማን ሐሳብ ነው?" ብለው ሲጠይቁ ምን አላቸው? "የላጲስ ነው" አላቸው። እኔም አፌን ዘግቼ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ጌታዬ፣ ያኔ ያልነገርኩዎትን ዛሬ ልንገርዎ። ጥፋቱ የእኔ፣ ዝናቡ የእሱ ነበር።

ሌላም አለ። ይሄኛውን መናገር ይከብደኛል። መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባ አሮጊት ነደፈ። እጇ ላይ አንድ መስመር ሳይሆን አሥር፣ አሥራ አምስት መስመር ተደራርቧል። ዛሬስ እጅ መሳል ጠፋበት ብዬ አሥራ አምስቱን አጥፍቼ አንድ የጠራ መስመር አወጣሁ። ሁሉም አደነቀኝ። እሱ መነጽሩን አውልቆ አየው። "ቆንጆ ነው" አለ። ከዚያ ሳምንት ሙሉ ዘጋኝ። አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ክርን ለክርን፣ ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል የለም። በስምንተኛው ቀን በሩን ከፍቶ ገባ፣ ኮቱን ሰቀለ፣ ተቀመጠ። "የእናቴ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለኝ። ብሩሹን አራገፈ፤ ሸሚዜን አረጠበው። ታረቅን ማለት ነው።

እኔ ግን ያንን እጅ አልረሳሁትም። መጽሐፉ ዛሬም ልጆች እጅ ላይ አለ። አሮጊቷ መርፌዋን እንደ ጎረምሳ ጨብጣለች። የአንዲትን እናት እጅ ያደነዘዝኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ የመጨረሻው። ባለፈው ወር ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ አይቷል፤ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጁ ነበር የሚይዘው። አንድ መጽሐፍ ቀርቶት ነበር፤ ከመጽሐፉም አንድ ገጽ። ወንበሩን ተሸክሞ ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጣ ሽማግሌ። አልጋው ላይ ትራስ ተደግፎ ሠራው። መስመሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ሰጠኝና "ላጲስ፣ ይቺን አጽዳልኝ" አለ።

"አንተ ነህ እንዲህ የምትለው?" አልኩት።

"የእናቴን ስስለው ደስ ይለኝ ነበር። የራሴ ሲሆን አፈርኩ።"

ባለቤቱ መድኃኒቱን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሰምታለች። እሺ አልኩት። ምን ልበለው?

ማክሰኞ አረፈ። ረቡዕ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጬ ላጲሴን አነሣሁ። ቃል ቃል ነው። አሸሁት። አልለቀቀም። ደግሜ አሸሁት። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዤ ባየው፣ የሽማግሌው እጆች ላይ ስስ ቀለም ተቀብቷል። ሥራውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቀለም የተቀባበት እርሳስ በላጲስ አይለቅም። ሃያ ሦስት ዓመት እኔ ሳላጠራ ቀለም ቀብቶ አያውቅም። አንድ ቀን እንኳ። የቀረው የገጹ ክፍል ሁሉ ቀለም ያልነካው ነጭ ነው። እጆቹ ብቻ ናቸው የተቀቡት።

ረስቶት ነው? ሕመሙ ነው? ወይስ አፉ አጽዳ ሲል እጁ እምቢ አለ? ሦስት ቀን ወረቀቱን እያየሁ ጠየቅሁ።

ማተሚያ ቤቱ ሰኞ ይጠብቃል። "በሌላ ወረቀት ገልብጠህ አጥራው፤ ግማሽ ቀን አይፈጅብህም" ብለውኛል። እውነታቸውን ነው፤ አይፈጅብኝም። ትናንት ባለቤቱን "ምን ላድርግ?" አልኳት። "እኔ እጁን ነው የማውቀው" አለችኝ።

ስለዚህ ጋሽ ጠብታ፣ በእነዚህ ሰዎች ፊት ልንገርህ። አልገለብጠውም። አላጠራውም። ሰኞ ጠዋት ገጹን እንዳለ፣ ከነመንቀጥቀጡ፣ ከነነጩ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። እሺ ብዬህ ነበር፤ ዋሽቼሃለሁ። የእናትህን እጅ ወስጃለሁ፤ የአንተን አልወስድም።

ብትቆጣ ተቆጣ። ያኔ ሳምንት ዘጋኸኝ፤ አሁንም ዝጋኝ። ችዬዋለሁ። የብሩሽ መንከሪያ ብርጭቆህን አጥቤ፣ ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ በአንተ በኩል አስቀምጣለሁ። እረፍ እንግዲህ፣ ወንድሜ። ደክሞህ ነበር፤ እኔም ደክሞኛል። ግን በስምንተኛው ቀን በሩን ማየቴ አይቀርም።