ውሻው የላሳቸው ሽማግሌ

ይህ ወሬ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። ከዋሄን ገበያ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ፣ ማተብ ያሰረ ወጣት የውሻ ማሰሪያ ይዞ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት እናት አማርኛቸው የድሬዳዋ ነው።

«ውሻው የታለ?»

«አይፍሩ እናቴ፣ ቤት ነው። ገና ቡችላ ነው፤ የአእምሮ ሕሙማንን እንዲያጽናና አሠለጥነዋለሁ።»

«ውሻ ሊያጽናና? ያ አላህ!»

«አትላስ ብለው አልሰማ አለኝ። ድንጋይ ባሠለጥን ይሻለኝ ነበር። ትናንት ክሊኒኩ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ እጅ ላሰ። ነገም ከደገመው አሠሪዬ ሁለታችንንም ታሰናብተናለች።»

«እኛ ዘንድ ውሻ የላሰው ሰባቴ ይታጠባል፤ አንዱን በአፈር።»

«እሳቸውም ተነሥተው እንደዚያው ታጠቡ።»

«ማን ደግፎ አነሣቸው?»

«ማንም። ራሳቸው።»

«ግራ እግራቸውን ያነክሳሉ?»

«አዎ። ያውቋቸዋል እንዴ?»

«ባለቤቴ ናቸው። ከታመሙ ጀምሮ ለሶላት እንኳ የማጥባቸው እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ እናቴ፣ ተቀየሙኝ?»

«ነገም ይላሳቸው፣ ልጄ። አፈሩን እኔ አመጣለሁ።»

መውረጃዬ አልፎኝ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ግን አላልኩም።